ኸባብ ደመወዙን ሊጠይቅ ሄደ

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ስለ ሰብር ሲነሳ ስማቸው ከማይቀር ሶሓቦች አንዱ ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ.) ነው። መካ ውስጥ የሚመካበት ጎሳ ያልነበረው፣ በባርነት ያለፈ አንጥረኛ ነበር። እስልምናን ቀድመው ከተቀበሉት አንዱ በመሆኑ የደረሰበትን ስቃይ፣ በጋለ ፍም የተቃጠለ ጀርባውን፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ከሚንበር ስንሰማው ኖረናል። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሌላ ታሪኩ ግን ብዙም አይነገርም።

ኸባብ ከቁረይሽ ባለጸጎች አንዱ ለነበረው ለዓስ ኢብኑ ዋኢል ሰይፍ ሠርቶለት ነበር። ዋጋው አልተከፈለውም። ስለዚህ ሄደ፤ በሩ ድረስ ሄዶ ጠየቀው። ዓስ፣ በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ካልካድክ አልከፍልህም አለው። ኸባብም፣ አንተ ሞተህ እስክትቀሰቀስ ድረስ እንኳ አልክድም ብሎ መለሰለት። ያን ጊዜ ዓስ ቀለደበት፦ እንግዲያው ሞቼ ስቀሰቀስ ሀብትም ልጅም ይኖረኛልና ያኔ እከፍልሃለሁ አለው። ስለዚህ ቀልድ ቁርኣን ወረደ። በሱረቱ መርየም ከ77ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያሉት አያዎች የወረዱት በዚህ ሰውዬና ባልከፈለው የአንድ አንጥረኛ ዋጋ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሰብር ምሳሌ የምናደርገው ሰው ዋጋውን ሊጠይቅ ሄዷል። «ሪዝቅ ከአላህ ነው» ብሎ ቤቱ አልተቀመጠም። ባለዕዳው ከርሱ እጅግ የበረታ መሆኑን ያውቃል፤ ከጀርባው የሚቆምለት ዘመድ እንደሌለም ያውቃል። ቢሆንም ሄደ። የዓስ ቀጠሮ ከቂያማ በኋላ ነበር። ዛሬ ለቀን ሠራተኛ የሚሰጠው «ለቅዳሜ» የሚባል ቀጠሮም አንዳንዴ ከዚያ ብዙ አይቀርብም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በደሴ መስመር ስትወጡ ለገጣፎንና ለገዳዲን አልፋችሁ ሰንዳፋን ታገኛላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከገላን ጋር በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለች ከተማ ናት። በዚያ መስመር ከወሎና ከሰሜን ሸዋ ለእንጀራ የሚመጣ ወጣት ከመኪና ወርዶ መጀመሪያ የሚያገኘው ሥራ በአብዛኛው የቀን ሥራ ነው፦ ሲሚንቶ ማቡካት፣ ብሎኬት ማቀበል፣ አሸዋ ማውረድ። ትንሽ የቆየው ጥበቃ ይገባል ወይም ከብት እርባታ ውስጥ ይቀጠራል። ሰበታ የሄደው ፋብሪካ ወይም አበባ እርሻ ይገባል፤ ሱሉልታ የሄደው የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ይሞክራል። ብዙዎቹ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው። ብዙዎቹ ወረቀት የላቸውም፤ የአሠሪያቸውን ሙሉ ስም የማያውቁም አሉ። የሚያውቁት ፎርማኑን ነው፤ ፎርማኑ ደግሞ «ባለቤቱ ብር አልለቀቀም» ይላል።

ደመወዝ ሲዘገይባቸው የሚሰሙት ምክር «ሰብር አድርግ» የሚል ነው። ምክሩ ከባልደረባ ሲመጣ ማጽናኛ ነው። ሊከፍል ከሚገባው ሰው አፍ ሲወጣ ግን ዲንን ለዕዳ መሸሸጊያ ማድረግ ነው። ሰብር ማለት መከራ ሲመጣ በአላህ ላይ አለማማረር፣ ከሐራም መከልከልና በትእዛዙ ላይ መጽናት ነው። ደመወዝ ስለተከለከለ ከሳይቱ ብረት አለመስረቅ ሰብር ነው፤ አሠሪውን አለመደብደብና በሐሰት አለመወንጀልም ሰብር ነው። ሐቅን በአደብ መጠየቅ ግን ከሰብር ጋር አይጣላም። ይቅር ማለት የሚፈልግም ይቅር ማለት ይችላል፤ ታላቅ ምንዳ አለው። ይቅርታ ግን የሚሆነው ባለሐቁ በፈቃዱ ሲተው ነው፤ ሠራተኛው መንገዱን ስላላወቀ ወይም ስለፈራ የቀረ ገንዘብ ይቅር የተባለ ገንዘብ አይደለም።

ዝም ብሎ መጠበቅ ደግሞ በዚህች ዓለም ዋጋ ያስከፍላል። በሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚገዛው ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ ዐዋጅ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌላ ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ያለ አግባብ የተባረረ ሰው «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ከሆነ ያለው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው። ከሥራ መሰናበት ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄም 6 ወር ነው። እንግዲህ አስቡት፦ «ለሚቀጥለው ወር» እየተባለ ስድስት ወር የጠበቀ ሠራተኛ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ሲሄድ የመጀመሪያው ወር ሐቁ እጁ ላይ ተቃጥሏል። አላህ ዘንድ ይርጋ የለም። ወረዳ ፍርድ ቤት ግን አለ።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። አሠሪው ዕዳው እንዳለበት በጽሑፍ ካመነ ይርጋው ይቋረጣል። በቃል «እከፍልሃለሁ» ማለቱ ግን ለማስረዳት ያስቸግራል። ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሙ በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አያ መሆኑንና የሚናገረውም ስለ ዱዓ ወይም ስለ ጦርነት ሳይሆን ዕዳን ስለመጻፍ መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ይገርማል። ጻፉት፣ ምስክር አድርጉ፣ ትንሽም ቢሆን ትልቅም ቢሆን ለመጻፍ አትሰልቹ የሚል መልእክት አለው። እኛ ግን «በመተማመን ነው የምንሠራው» እያልን ወረቀትን እንደ ነውር እንቆጥራለን። መተማመን ጥሩ ነው፤ አላህ ግን ለሚተማመኑ ሙእሚኖችም ጻፉ ብሏል።

የሥራ ውልም ቢሆን በቁርኣን ውስጥ አለ። ሱረቱል ቀሶስን ክፈቱ። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከግብጽ ሸሽተው መድየን ሲገቡ ምንም የላቸውም፤ ዘመድ የለ፣ ስንቅ የለ፣ ማደሪያ የለ። ለሁለት ሴቶች ከብት አጠጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጌታቸውን ለመኑ። ከመንገድ ዳር ቆሞ ሥራ የሚጠብቅ ስደተኛ ማለት ይህ ነው። አዛውንቱ ሲያስጠሯቸው በመጀመሪያ የሆነውን ተመልከቱ፦ ልጃቸው መጥታ፣ ላጠጣህልን ዋጋህን ሊከፍልህ አባቴ ይጠራሃል አለቻቸው። ሙሳ ዋጋ አልጠየቁም ነበር፤ ሥራው ግን ሥራ ነውና ዋጋው ሊከፈል ተገባ። ከዚያ ውል ገቡ። ጊዜው ታወቀ፣ ስምንት ዓመት። ዋጋው ታወቀ፣ ከልጆቻቸው አንዷን መዳር። አሥር ዓመት ቢሞላ ከሠራተኛው በጎ ፈቃድ እንጂ ግዴታ እንዳልሆነ በግልጽ ተነገረ። አሠሪው ላስጨንቅህ አልፈልግም አሉ። ሙሳም ከሁለቱ ጊዜ የትኛውንም ብፈጽም በእኔ ላይ ወሰን ማለፍ አይኖርም ብለው መብታቸውን አስጠበቁ፤ አላህንም ምስክር አደረጉ። አዛውንቱ ደግ ሰው ናቸው፣ ሠራተኛውም ነቢይ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ከዚህ በላይ የሚተማመኑ አሠሪና ሠራተኛ ከየት ይመጣል? ሆኖም ጊዜውም፣ ዋጋውም፣ ትርፉም አንድ በአንድ ተለይቶ ተነገረ። ፉቀሃእ «ዋጋው ያልታወቀ ቅጥር ትክክል አይሆንም» የሚሉት እንዲህ ካሉ ማስረጃዎች ተነስተው ነው። «ሥራና እንተያያለን» የሚባለው ቅጥር በሸሪዓም ችግር አለበት።

ሕጉም በዚህ ረገድ ከብዙዎች ግምት በላይ ለሠራተኛው ያደላል። ውል በጽሑፍ ባይደረግ እንኳ ሠራተኛው መብቱን አያጣም፤ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጥ ይገደዳል። ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀደው ሕጉ በዘረዘራቸው ጉዳዮች ብቻ ነው፣ ለምሳሌ የታመመን ሠራተኛ ለመተካት፣ ለድንገተኛ ሥራ ወይም ለወቅታዊ ሥራ። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እየመጣ ያንኑ የፋብሪካውን ዋና ሥራ የሚሠራ ሰው «የቀን ሠራተኛ» ተብሎ ስለተጠራ ብቻ የቀን ሠራተኛ አይሆንም። ሕጉ የሚያየው የሥራውን ጠባይ ነው። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ያንኑ ሰው ለዚያው ሥራ መልሶ ቀጥሮ እንደገና «ሙከራ» ማለት ክልክል ነው። በ59ኛው ቀን አሰናብቶ በሳምንቱ መልሶ የሚጠራ አሠሪ ይህን ይወቅ። ከሠራተኛው እስካሁን ስላወቀው ብቻ ነው የሚያደርገው።

ትርፍ ሰዓትም እንዲሁ ነው። መደበኛው ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ ያለፈው ቀን ከሆነ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። በበዓል ቀን የሚሠራ መደበኛ ሰዓትም ቢሆን እጥፍ ነው። ዒድ ዋዜማና ዒድ ቀን የፋብሪካ በር የሚጠብቀው ወንድማችን ይህን ያውቅ ይሆን?

አሁን ፊቴን ወደ አሠሪዎች ላዙር፤ ገጻችንን የሚያነቡ ብዙ ነጋዴዎች፣ ኮንትራክተሮችና ባለ ሕንፃዎች አሉና። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሰል ቁድስ አላህ በቂያማ ዕለት ራሱ ባላጋራቸው የሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች ተጠቅሰዋል፦ በስሙ ቃል ገብቶ የከዳ፣ ነፃ ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ አሠርቶ ደመወዙን ያልሰጠ። ሦስተኛው ከማን ጋር እንደተሰለፈ አስተውሉ፤ ነፃ ሰው ከሸጠው ጎን ነው የቆመው። ዑለማኦች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ የሰውን ጉልበት ያለ ዋጋ መውሰድ ያን ሰው ባሪያ ማድረግ ስለሆነ ነው ብለዋል። ሐጂ ከሆንክ፣ ዘካ የምታወጣ ከሆንክ፣ መስጂድ የምታሠራ ከሆንክ መልካም፤ መስጂዱን ያሠሩት ወዛደሮች ተከፍሏቸው እንደሆነ ግን በቅድሚያ ጠይቅ። ያለው ሰው ዕዳውን ማዘግየቱ ግፍ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በግልጽ ነግረውናል። «ገንዘቡ ዕቃ ላይ ነው» የሚለው ምክንያት ለዕቃው ነጋዴ አይሠራም፤ እርሱ እጅ በእጅ ይቀበላል። ለምን ለወዛደሩ ብቻ ይሠራል?

ከሠራተኛው ለጡረታ 7 በመቶ የሚቆርጥ አሠሪ 11 በመቶ ከራሱ ጨምሮ ገቢ እንዲያደርግ ዐዋጅ 1268/2014 ያዝዛል። ቆርጦ ገቢ የማያደርግ ሰው ያዘገየው ደመወዝ ብቻ አይደለም፣ አማና በልቷል። ሽማግሌ የሆነ ሰው የነገ ጉርሱ ነው።

ስለ ሰው አቅራቢ ኤጀንሲዎችም አንድ ቃል። ጥበቃና ጽዳት በአብዛኛው የሚቀጠሩት በእነርሱ በኩል ነው። ባለ ሕንፃው ለአንድ ጥበቃ የሚከፍለውና ጥበቃው እጅ የሚገባው እጅግ ይራራቃል። ድለላ በራሱ ሐላል ነው፤ ዋጋው ከታወቀና በስምምነት ከሆነ ችግር የለውም። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፣ ፈትዋም አልሰጥም። ነገር ግን ሠራተኛው ምን ያህል እንደሚወሰድበት እንዳያውቅ ተደርጎ የሚሠራ ነገር ልቤን አያረጋጋውም። ሥራ ለማስቀጠር ከሥራ ፈላጊው ክፍያ መቀበል ደግሞ በሕጉም የተከለከለ ነው። ባለ ሕንፃው ቢያንስ «ከምከፍለው ለጥበቃው ስንት ይደርሰዋል?» ብሎ መጠየቅ አያቅተውም፤ በየቀኑ በሩን የሚከፍትለት እርሱ ነውና።

የቤት ሠራተኛ ግን ከዚህ ዐዋጅ ውጪ ናት። የ8 ሰዓቱም፣ የትርፍ ሰዓቱም ሕግ እርሷ ጋ አይደርስም። በዐረብ ሀገር ደመወዟ ስለተከለከለች እህታችን ስንሰማ እናለቅሳለን፣ ዱዓ እናደርጋለን። የራሳችን ቤት ውስጥ ንጋት 11 ሰዓት ተነስታ ሌሊት 5 ሰዓት የምትተኛዋ ልጅስ? ሥራችሁ ላይ ያሉት ወንድሞቻችሁ ናቸው፣ ከምትበሉት አብሏቸው፣ ከአቅማቸው በላይ አትጫኗቸው የሚለው ትእዛዝ ዐዋጅ ያልደረሰበት ጓዳ ድረስ ይገባል። ሠራተኛም በበኩሉ ሥራውን አጥርቶ የመሥራት፣ ሰዓት ያለመስረቅ ግዴታ አለበት፤ ይህን በሌላ ጁሙዓ በስፋት ስላየነው አልደግመውም።

ወደ ዓስ ኢብኑ ዋኢል ልመለስ፤ ይህ ሰው በሲራ ውስጥ ሌላም ቦታ ይገኛል፤ እዚያም ያው ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይ ከመሆናቸው በፊት፣ ወጣት ሳሉ፣ ከየመን ዘቢድ የመጣ ነጋዴ ዕቃውን ለዓስ ሸጦ ዋጋውን ተከለከለ። ነጋዴው የመካ ታላላቆች ዘንድ እየዞረ አቤት አለ፤ እንግዳ ስለሆነ የሰማው የለም። በመጨረሻ አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ ቁረይሾች ካዕባ ዙሪያ በተቀመጡበት ሰዓት ጮኸ። የነቢዩ አጎት ዙበይር ኢብኑ ዐብዱል ሙጦሊብ ተነሱ። የተወሰኑ ጎሳዎች በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የተበደለ ሰው ሐቁ እስኪመለስ ድረስ እንደ አንድ እጅ ሊቆሙ ተማማሉ። ከዚያም በአንድነት ወደ ዓስ ሄደው የሰውየውን ንብረት አስመለሱ። ይህ ሒልፉል ፉዱል ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያ ቃል ኪዳን ላይ ተገኝተዋል፤ ከነቢይነት በኋላም በብዙ ሀብት እንደማይለውጡትና በእስልምና ዘመን ቢጠሩበት እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል።

ለኸባብ እንዲህ ያለ ቡድን አልነበረለትም፤ ብቻውን ሄዶ ተቀለደበት። ነጋዴው ብቻውን ሲዞር አልተሳካለትም፤ ሰዎች አብረውት ሲቆሙ ግን ያው ዓስ፣ ያው ልበ ደረቅ፣ ከፈለ። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው በሩ ላይ የቆመው ሰው ቁጥር ነው።

በሀገራችን ሕግ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉበት ድርጅት ሠራተኞቹ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ፤ ከዚያ ያነሱ ደግሞ ከሌሎች ጋር ሆነው ጠቅላላ ማኅበር ያቋቁማሉ። የማኅበር አባል በመሆኑ ወይም አሠሪውን በመክሰሱ ሠራተኛን ማባረር ሕገወጥ ስንብት ነው። ማኅበር ሲኖር የኅብረት ስምምነት ይኖራል፤ በዚያ ውስጥ ጁሙዓ የሚሰገድበትን ሰዓት እንኳ መደራደር ይቻላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጁሙዓ ቀን ከ5:30 እስከ 7:30 ይዘጋሉ፤ የፋብሪካ ፈረቃ ላይ ያለው ወንድም ግን ብቻውን ፎርማኑን ቢለምን «አንተን ብለቅ ሁሉም ይሄዳል» ይባላል።

መጠየቅ ፊትና ነው የሚሉ አሉ። አባቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሰላም ወጥተው ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል ይሁኑ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት 28 የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ ነበር። በዓላቱ በማግሥቱ ዓመት በዐዋጅ ታወቁ። ዛሬ በዒድ የሚሠራ ሠራተኛ የሚያገኘው እጥፍ ክፍያ ከሁለቱም ጥያቄ የተወለደ ነው ብል ከእውነት የራቅኩ አይመስለኝም።

ደመወዝ የተያዘበት ሰው ምን ያድርግ ለሚለው፦ በመጀመሪያ በአደብ ይጠይቅ፤ ቢቻል ምስክር ባለበት ወይም በስልክ መልእክት፣ ማስረጃ እንዲሆነው። የሠራባቸውን ቀናት ይጻፍ። የባንክና የቴሌብር መልእክቶችን አያጥፋ፤ መታወቂያ ባጅ ካለው ይያዝ፤ አብረውት የሠሩትን ስልክ ይያዝ። የመስጂዱ ሽማግሌዎች ያስታርቁ፤ ሱልሕ መልካም ነው። ሱልሑ ግን ስድስት ወሩን እንዳይበላው ቀኑን ይቁጠር። ካልሆነ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ፤ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ለተሰናበተ ሠራተኛ ሒሳቡ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ ከዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርለት ይችላል።

በመጨረሻ ከአሠሪዎች በኩል በተደጋጋሚ የሚመጣልን አንድ ጥያቄ አለ። «ድሮ ሳልከፍለው የሄደ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ስሙን እንኳ በወጉ አላውቀውም፣ ምን ላድርግ?» ይላሉ። ዋሻ ውስጥ ስለተዘጋባቸው ሦስት ሰዎች የሚናገረውን የኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ሐዲስ አስታውሱ። ሦስተኛው ሰው አንድ ሠራተኛው ዋጋውን ሳይወስድ ሄዶበት ነበር፤ ዋጋው ጥቂት እህል ነበር። እህሉን ዘራው፣ አባዛው፣ ከብትና በግ ሆነ። ሠራተኛው ከዓመታት በኋላ ሲመጣ መንጋውን ሁሉ ነድቶ እንዲወስድ ነገረው፤ ሰውየው የሚቀልድበት መሰለው። ያን ያህል መስጠት የርሱ ኢሕሳን ነው፤ ዋናውን መመለስ ግን ግዴታ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ይፈለግ፦ አብረው የሠሩት ይጠየቁ፣ ፎርማኑ ይጠየቅ፣ የመጣበት ሀገር ይጠየቅ። ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ ይሰጥ። ተፈልጎ ተፈልጎ ተስፋ ሲቆረጥ ዑለማኦች በባለሐቁ ስም ሰደቃ እንዲሰጥ ይላሉ፤ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ሻጩ የጠፋባቸውን የግዢ ዋጋ እንዲያ አድርገዋል። ባለሐቁ አንድ ቀን ከመጣ ምርጫው የርሱ ነው፤ ሰደቃውን ከወደደ ምንዳው የርሱ ይሆናል፣ ካልወደደ ገንዘቡ ይከፈለዋል፣ የሰደቃው ምንዳም ለከፋዩ ይሆናል።

ወሏሁ አዕለም።